ጆንስ የሚባል ሁሉ ዘመድ ነው እንዴ?

ሬክሳም_ነኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሰሜን ዌልስ፣ ሬክሳም ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። እኔ ባለሁበት ፎቅ 22 አዛውንቶች አሉ። ከ22ቱ ሰባቱ ጆንስ ናቸው። ከሰባቱ ደግሞ ሁለቱ ማርጋሬት ጆንስ! የመድኃኒት ሠንጠረዡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተጠንቀቅ፣ ተመሳሳይ ስም» ተብሎ ተጽፏል። ሠራተኞቹ አንደኛዋን «ማርጋሬት ዳቦ» ይሏቸዋል፤ አባታቸው ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ሌላኛዋ «ማርጋሬት ላይኛው እርሻ» ናቸው።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ ትልቅ ቤተሰብ መስሎኝ «እኚያ እኅትዎ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁብኝ።

ጥያቄዬን ያመጣችው ግን ልጄ ናት። ተወልዳ ዛሬ 9 ቀኗ ነው። እዚህ አገር ልደት በ42 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ነው ብለህ ብትነግራቸው አይጠብቁህም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ነገር ይጠይቃሉ። የራሴን ስም ላድርግላት? የአባቴን? ባለቤቴ «እስቲ መጀመሪያ ጆንሶቹ እንዴት እንዳደረጉ ጠይቅ» አለችኝ። እሷ ቀልዷን ነው። እኔ ግን ከምር ያዝኩት።

---

የቄራ_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

እንኳን ማርያም ማረቻት! ጆንስ ማለት እኮ ዮናስ ነው። በዓሣ ነባሪው ሆድ ውስጥ ያደረው። ዌልስ ባሕር ዳር ስለሆነች ስሙን ወደዱት። አለቀ።

---

ቀለም_ቀንድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ቄራ፣ አላለቀም። ዮናስ ሌላ ነው። ጆንስ ማለት «የጆን» ማለት ነው። ጆን ደግሞ የእኛው ዮሐንስ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» የእንግሊዝኛ አገናዛቢ ናት፤ የእኛን «የ» በላት። እኛ ከፊት እናደርጋታለን፣ እነሱ ከኋላ።

የሚገርመው፣ ጥንታዊው የዌልሽ ፊደል ውስጥ «ጄ» የምትባል ሆሄ የለችም። የአገሩ አንደኛ ስም አገሩ በሌለው ፊደል ይጀምራል! በቋንቋቸው ዮሐንስን ዮአን፣ ኢቫን ወይም ሾን ይሉታል። ጆንስ ብሎ የጻፈው እንግሊዝኛ የሚጽፍ ጸሐፊ ነው።

ሬክሳም፣ እንኳን ደስ አለህ። የጠየቅከው ነገር ከምታስበው በላይ የእኛን ቤት ይመስላል። ዌልሾች ድሮ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ስምህ፣ ከዚያ የአባትህ ስም፣ ከፈለግክ የአያትህ። በመሃል «አፕ» ትገባለች፤ «ልጅ» ማለት ናት። ለሴት ደግሞ «ቬርኽ»። ሴት ስታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥል ነበር። ይሄን ስታነብ የት አገር ያለህ ይመስልሃል?

---

ሬክሳም_ነኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:18

ቤቴ! ታዲያ ማን አስተዋቸው? በሕግ ተከለከለ?

---

የቄራ_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:22

እንግሊዝ ከልክላቸው ነዋ። ሌላ ማን ይከለክላል።

---

ቀለም_ቀንድ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

«አፕ ክልክል ነው» የሚል ሕግ አልወጣም። የወጣው ሌላ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1536 እና በ1543 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር በሕግ ቀላቀላት። የፍርድ ቤትና የሹመት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። እንግዲህ አስቡት። ዳኛው እንግሊዝኛ፣ ጸሐፊው እንግሊዝኛ፣ ከፊቱ የቆመው ሰውዬ «ቶማስ አፕ ሪቻርድ አፕ ሃወል አፕ…» እያለ እስከ ቅድመ አያቱ ይደረድርለታል። ጸሐፊው ሰነፍ ባይሆን እንኳ ቀለም ይጨርሳል። የሞስቲን ጌታ እንዲህ ሲደረድር ሮላንድ ሊ የሚባለው ጳጳስ ተሰላችቶ «በመጨረሻው ብቻ ጥሩት፣ ወይም በመኖሪያ ቦታው» አለ ይባላል። የሚወራ ወሬ ነው፤ ሞስቲን የሚባለው ቤተሰብ ግን እስከ ዛሬ አለ።

መጀመሪያ ስሙን ያረጋው መኳንንቱ ነው። ከዚያ ከተሜው፣ ከዚያ ገበሬው። አንድ ጀንበር ላይ አልሆነም፤ ወደ 300 ዓመት ፈጅቷል። ሰሜን ምዕራቡ ተራራማ ገጠር ውስጥ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአባት ስም የሚጠሩ ነበሩ። በ1837 መንግሥት ልደትና ሞት መመዝገብ ሲጀምር በቃ፣ ባለበት ቆመ።

እስከዚያ ግን ጉድ ነበር። ጆን ኢቫንስ ልጁን ኢቫን ይለዋል፤ ልጁ ኢቫን ጆንስ ይሆናል። የኢቫን ልጅ ደግሞ ተመልሶ ጆን ኢቫንስ። ዘር የሚቆጥሩ ሰዎች ፀጉራቸውን የሚነጩት እዚህ ጋ ነው።

---

ሜሪላንድ_ሠፈር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:10

ቆይ ቆይ። የባለቤቴ አባት ዮሐንስ ነው። እዚህ አሜሪካ ስንመጣ ፎርም የሞላልን ሰው «ላስት ኔም» ብሎ ዮሐንስን ጻፈ። ልጆቼም ዮሐንስ ሆነው ቀሩ። እንዲያውም እኔንም ሊያደርጉኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ስለዚህ እኔ ቤት ውስጥ ሦስት ጆንሶች አሉ ማለት ነው?

---

ቀለም_ቀንድ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

በትክክል። ልዩነቱ «ስ» ብቻ ናት፣ እሷም ስሙ ውስጥ ቀድማ አለች 😀

---

ሊቨርፑል_ወይም_ሞት
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:40

እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ጆን የሚባል ሰው እንግሊዝም ሞልቷል፣ ስኮትላንድም። ታዲያ ለምን ዌልስ ላይ ብቻ እንዲህ ተትረፈረፈ?

---

ቀለም_ቀንድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

እንግሊዝ ውስጥ ስሞቹ ቀደም ብለው ነው የረጉት፣ ምንጫቸውም ብዙ ነው። አንጥረኛው ስሚዝ ሆነ፣ ልብስ ሰፊው ቴይለር፣ ኮረብታው ሥር የሚኖረው ሂል። ዌልስ ውስጥ ግን ማለት ይቻላል ሁሉም ከአባት ስም ነው። ለዚያውም ስሙ በሚረጋበት ሰሞን የጥንቱ የዌልስ ስሞች፣ ሉዌሊን፣ ካዱጋን የሚባሉት፣ እየቀሩ ነበር። በምትካቸው ጆን፣ ዴቪድ፣ ዊሊያም፣ ቶማስ፣ ሂው ገቡ። የአባቶች ስም ጥቂት ከሆነ የልጆች መጠሪያም ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ከሁሉም የበዛው ጆን ነበር።

መንግሥት በ1853 የእንግሊዝና የዌልስን ስሞች ገምቶ ነበር። ስሚዝ 253,600፣ ጆንስ 242,100። ዌልስ በዚያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ነው የነበራት! እንግሊዝ ከአሥር እጥፍ በላይ። የመዝገብ ሹሙ ራሱ ተማርሮ፣ ዌልስ ውስጥ «ጆን ጆንስ» የሚል ስም ሰውን ይደብቃል እንጂ አያሳውቅም፤ ገበያ መሃል ቆመህ ብትጣራው ማንንም ለይተህ አልጠራህም የሚል ሐሳብ ጽፏል።

---

ካርዲፍ_ቡና
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:35

እኔ ደቡብ ነኝ፣ ካርዲፍ። እዚህ ጆንስ አለ፣ ግን እንደ ሬክሳም አይደለም። ዴቪስ፣ ዊሊያምስ፣ ኢቫንስ፣ ቶማስ ይቀላቀላሉ። ጆንስ የበዛው ሰሜን ነው፤ አንግልሲ ደሴት፣ የስላት ድንጋይ የሚፈለጥባቸው የግዊነድ ተራሮች፣ ደንቢ አካባቢ። ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ፔምብሩክሸር ስትደርስ ይሳሳል። እንግሊዞችና ፍሌሚሾች ጥንት የሠፈሩበት ስለሆነ ሌላ ዓይነት ስም ነው ያለው።

ሌላም ነገር አለ። የእንግሊዝን ድንበር ተከትለህ፣ ወደ ሽሮፕሸር (ሽሮ የለም፣ አትድከሙ) እና ሄርፎርድሸር ስትሄድ በ«ፕ» እና በ«ብ» የሚጀምሩ ስሞች ይበዛሉ። ያቺ «አፕ» ከስሙ ጋር ተጣብቃ ነው። አፕ ሪስ ፕራይስ ሆነ። አፕ ሃወል ፓወል። አፕ ሃሪ ፓሪ። አፕ ሂው ፒው። ያቺው «አፕ» አንዳንዴ «አብ» ትሆናለች፤ አብ ኦወን ቦወን። አብ ኢቫን ቤቫን፤ በ1948 ነፃ ሕክምናን ያቋቋመው ሚኒስትር ቤቫን ማለት ነው። ድንበር ላይ ያለው ሰው ስሙ ቀድሞ ስለረጋ «አፕ»ን ሳይጥላት ዋጣት። ወደ ውስጥ ያለው ግን ዘግይቶ፣ የእንግሊዝን «ስ» ይዞ ረጋ። ስለዚህ ስሙን ብቻ ዓይተህ የአያቶቹን አገር መገመት ትችላለህ። ሁልጊዜ ባይሆንም።

በነገራችን ላይ በኅዳር 2006 እዚሁ ካርዲፍ 1,224 ጆንሶች አንድ አዳራሽ ተሰብስበው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። ከእነሱ በፊት ክብረ ወሰኑ 583 ኖርበርግ የሚባሉ ስዊድኖች ነበር። በዓመቱ ጋላገር የሚባሉ አየርላንዶች 1,488 ሆነው ነጠቋቸው። አዳራሹ በር ላይ «አቶ ጆንስ!» ብሎ መጣራት እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

---

ሊቨርፑል_ወይም_ሞት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

ሊቨርፑልስ? ጆንስ የሚባል ተጫዋች ጠፍቶብን አያውቅም።

---

ካርዲፍ_ቡና
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሊቨርፑልን «የሰሜን ዌልስ ዋና ከተማ» ይሏት ነበር። ከአንግልሲና ከግዊነድ ሰው ሥራ ፍለጋ የሚፈልሰው ወደ ወደቧ ነው። ብዙ ሠፈር የሠሩት ዌልሽ ግንበኞች ናቸው። የዌልሾቹ ትልቁ የግጥምና የዜማ ጉባኤ፣ አይስተድቮድ የሚባለው፣ በ1884፣ በ1900 እና በ1929 የተካሄደው ሊቨርፑል ላይ ነው፣ እንግሊዝ ምድር! ለንደን ደግሞ የወተት ንግዱን ዌልሾች ይዘውት ነበር። ድንጋይ ከሰል ሲወጣም የሰሜኑ ጆንስ ወደ ደቡብ ሸለቆዎች ወረደ። ስሙ ከሥራ ጋር ነው የተጓዘው።

---

የኔታ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:10

ልጆች፣ ጥሩ ይዛችኋል። ብዙ ሰው ከሆነ አንድ ስም ላይ የሚቆመው፣ ታዲያ እንዴት ይለያዩ ነበር? እኛ ጋ እንኳ ሁለት ዓለሙ ካለ አንዱ «ዓለሙ ጎሚስታ» ይባላል።

---

ሬክሳም_ነኝ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:45

የኔታ፣ እዚህም እንደዚያው ነው። «ማርጋሬት ዳቦ» ያልኩት ለዚያ ነው። ጆንስ ወተት፣ ጆንስ ፖስታ፣ ጆንስ ሬሳ (ቀባሪው ነው፣ ይቅርታ)። ወይ በእርሻው ስም ይጠሩታል። ትናንት የምሳ ሰዓት አንደኛዋን ማርጋሬት ስለዚህ ነገር ጠየቅኳቸው። «ጆንስን ማንም አይሰማውም፣ ዳቦውን ነው የሚሰሙት» አሉኝ። ዝም ብለው ሾርባቸውን ቀጠሉ።

---

ካርዲፍ_ቡና
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:05

ወታደር ቤት ደግሞ በቁጥር ነው። በ1879 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ሮርክስ ድሪፍት ላይ፣ ሆስፒታሉን ሲከላከሉ ቪክቶሪያ ክሮስ (የእንግሊዝ ትልቁ የጀግንነት ሜዳሊያ) ካገኙት ሁለቱ ጆንስ ናቸው። 593 ጆንስ እና 716 ጆንስ።

---

ሩጫ_አፍቃሪ
ረቡዕ፣ ቀን 6:15

ማንም ስቲቭ ጆንስን ሳያነሳ ክሩ ሊያልቅ ነው? የዌልስ ልጅ፣ የአየር ኃይል ጥገና ሠራተኛ። በ1984 ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2:08:05 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በሚያዝያ 1985 ፖርቱጋላዊው ሎፔዝ በ2:07:12 ነጠቀው። ጆንስ በዚያው ዓመት እንደገና ቺካጎ ሄደ። ስንት ገባ? 2:07:13። በአንዲት ሰከንድ! በ1988 ሮተርዳም ላይ የእኛው በላይነህ ዴንሳሞ 2:06:50 ሮጦ ሁሉንም ዘጋው፣ ለ10 ዓመት። አሁን ወደ ስማችሁ ተመለሱ።

---

የቄራ_ልጅ
ረቡዕ፣ ቀን 6:30

ቶም ጆንስንም አትርሱ። አባቴ ካሴቱ ነበረው።

---

ቀለም_ቀንድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:40

ቄራ፣ ዛሬም አልቀናህም። ቶም ጆንስ የመዝገብ ስሙ ቶማስ ጆን ዉድዋርድ ነው። ጆንስ የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው። በተቃራኒው ዴቪድ ቦዊ ሲወለድ ዴቪድ ሮበርት ጆንስ ነበር፤ ዴቪ ጆንስ የሚባል ሌላ ዘፋኝ ስለነበረ ቀየረው። ባሕረኛው ጆን ፖል ጆንስም ስኮትላንዳዊ ነው፤ ጆንስን ኋላ ላይ ራሱ ጨመረ። መደበቅ የፈለገ ይገባበታል፣ መታወቅ የፈለገ ይወጣበታል።

አሁን ግን ሬክሳም ለጠየቀው ነገር የምወደውን ምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሦስት ትውልድ።

አንግልሲ ላይ ሾን ሾር የሚባል፣ ትንሽ እርሻ ያለው ሰው ነበር። ወደ አማርኛ መልሱት፤ ዮሐንስ ጊዮርጊስ። በ1675 ወንድ ልጅ ተወለደለት፣ ዊሊያም አለው። የሾን ልጅ ስለሆነ ዊሊያም ጆንስ ተባለ። ዊሊያም ዮሐንስ በሉት። እስከዚህ ድረስ ጎንደር ቢሆን ምንም የሚለወጥ የለም። ይሄ ዊሊያም ሂሳብ አዋቂ ሆነ፣ ለንደን ገባ፣ በ1706 የክብን ዙሪያና የወገቡን ስፋት (ዲያሜትሩን) ውድር በፓይ ምልክት ጻፈ። ሁላችንም ትምህርት ቤት የተሰቃየንባትን ፓይ ማለቴ ነው።

በ1746 እሱም ወንድ ልጅ ወለደ። ስሙን ዊሊያም አለው። በአያቱ አገር ደንብ ልጁ ዊሊያም ዊሊያምስ መባል ነበረበት። አልተባለም። ዊሊያም ጆንስ ሆነ። የአባቱን ስም ትቶ የአያቱን ተሸከመ ማለት ነው። ሕግ አላስገደደውም፣ ማንም አልተሰበሰበበትም። ለንደን ስለተወለደ ብቻ።

ይሄ ልጅ ካልካታ ላይ ዳኛ ሆነ። በ1786 ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ናቸው ብሎ የተናገረው እሱ ነው። ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ካልካታ ውስጥ ካገኘው አብራም ከሚባል ሐበሻ ጋር ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ያደረገውን ንግግር ጽፎ አሳትሟል፤ በ1788፣ የእስያ ማኅበሩ የመጀመሪያ ቅጽ ላይ።

---

የኔታ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

አብራም ካልካታ ምን ሲሠራ! ልጄ፣ ይሄ ለብቻው ክር ይገባዋል። ክፈተው።

---

ሜሪላንድ_ሠፈር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:50

የአሜሪካውን ጆንስ ልጨምር። በ2010 ቆጠራ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ጆንስ ነበረ፣ ከአገሩ ስሞች አምስተኛ። ከእነዚህ ከሦስት አንዱ በላይ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ክዊንሲ ጆንስ፣ ጄምስ ኧርል ጆንስ። እዚህ ላይ «የዮሐንስ ልጅ» የሚለው ትርጉም አይሠራም። አንዳንዱ የባሪያ አሳዳሪው ስም ነው፤ ሌላው ነፃ ሲወጣ ራሱ የመረጠው። የሥራ ባልደረባዬ ጆንስ ናት። «ስሜ ዌልስን እንጂ እኔን አያውቅም» ብላኛለች።

---

ካርዲፍ_ቡና
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:15

አርጀንቲናም አለ። በ1865 ሚሞዛ በምትባል መርከብ 150 ያህል ዌልሾች ከሊቨርፑል ተነሥተው ፓታጎንያ ወረዱ። ቋንቋችንን የሚነካ የሌለበት አገር ብለው ነው የሄዱት። ሐሳቡን የገፉት ማይክል ጆንስ የሚባሉ የባላ ከተማ ሰባኪ ናቸው። ቦታውን አስቀድመው ያዩት ሉዊስ ጆንስ እና ላቭ ጆንስ ፓሪ። ዛሬ እዚያ ትሬሉ የምትባል ከተማ አለች፤ «ትሬ» ከተማ ነው፣ «ሉ» ሉዊስ። ብልጠቱን አያችሁ? ከጆንስ ይልቅ ሉዊስን መረጡ። «የጆንስ ከተማ» ቢሏት የማንኛው ጆንስ ተብሎ ጠብ ይነሣ ነበር።

አሁን ደግሞ ጆንስን ትተው ወደ ጥንቱ ልማድ የሚመለሱ አሉ። ዳቪድ ኢዋን የሚባለውን ዘፋኝ ኳስ ሜዳ ላይ ሲዘፍን አይታችሁታል። ሲወለድ ጆንስ ነው። እሱ ጆንስን ጣለ፣ ተዋናይ ወንድሙ ሂው ከረዲግም ጣለ፣ ፖለቲከኛው አለን ፍረድ ጆንስ ግን ያዘው። ወንድማማቾች ናቸው።

---

ሕግ_ነክ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:00

እኛም እኮ ከአፋፉ ነው የተመለስነው። በ1952 ዓ.ም. (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስም እና የአባት ስም አለው ይላል። ወረቀት ላይ አለ። ቀበሌ ሄዳችሁ የቤተሰብ ስሜ እገሌ ነው ብትሉ ግን «የአያት ስም ነው የምጠይቅህ» ይላችኋል። ሕዝቡ ሳይቀበለው ቀረ።

ሬክሳም፣ በሥራ የማውቀውን ልንገርህ። አባትና ልጅ በፓስፖርት የተለያየ ስም ይዘው ሲጓዙ ጠረፍ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ችግሩ ትልቅ አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ መያዝ ብቻ ነው።

---

ሜሪላንድ_ሠፈር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:30

«ትልቅ አይደለም» ያልከው አንድ አየር ማረፊያ ላይ ከምትጮህ የሁለት ዓመት ሕፃን ጋር 40 ደቂቃ ስላልቆምክ ነው። የእኔ ስም ከልጆቼ የተለየ ነው ብያችኋለሁ። «እናቷ ነሽ?» አለኝ። ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ! እኔን ከጠየቅከኝ አንድ አድርጋቸው። የአባትህን ስም ስጣትና ይለቅ።

---

የኔታ
ሐሙስ፣ ቀን 7:00

እኔ ደግሞ የራስህን ስጣት እላለሁ። አባቷ አንተ ነህ። አያቷን መቁጠር የምታስተምራት በአፍህ ነው።

---

ሬክሳም_ነኝ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:10

ዛሬ 34 ቀኗ ነው። አስመዝግቤያት መጣሁ። የመዘገቡን ሴትዮ ጆንስ ይባላሉ፣ እምላለሁ። ደረታቸው ላይ ተጽፏል።

በመንገድ ላይ ገና አልወሰንኩም ነበር። ባለቤቴ ግን መኪና ውስጥ «ያቺ የሾን ሾር ታሪክ» አለች። «እሱ ለልጁ ስሙን ሰጠው። ሁለተኛው ግን ለልጁ የሰጠው የአባቱን ነው፤ የራሱ ስም የት ሄደ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የራሴን ስም ሰጠኋት። ሦስታችንም በፓስፖርት የተለያየን ነን። ሜሪላንድ፣ ይቅር በይኝ፤ ኮፒውን ሦስት አድርጌ አሠርቻለሁ፣ አንዱ መኪና ውስጥ አለ።

ሴትዮዋ ስሞቹን አይተው «ሁላችሁም አንድ ቤተሰብ ናችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ተራዬን ሳቅኩ።

---

የቄራ_ልጅ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:14

የልጅቷን ስም ሳትነግረን?

---

ሬክሳም_ነኝ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:30

ክርስትናዋ ላይ። ገና 46 ቀን አለ።